የኪኒኑ ደብተር

ዘሀራዬ፣ የልጄ እናት፣

አላህ ይዘንልሽና፣ ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ይህን ደብዳቤ በእጄ የጻፍኩት እኔው ባልሽ ሰይድ ነኝ። አትሳቂ። በአውራ ጣትህ እየፈረምክ ትሞታለህ ስትይኝ አልነበር? አውራ ጣቴ ጡረታ ወጣ። በማታው ትምህርት ከዘጠኝ ሰው አንደኛ እኔ ነኝ፤ ስምንቱ ይህን አያምኑም እንጂ። ባለፈው ቆቦ ስገባ የሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ እየጮኽኩ አነበብኩለት፣ ለባጃጁ ሹፌር። በመጨረሻ፣ አባባ፣ እኔም ማንበብ እችላለሁ እኮ አለኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ቀይቱ ላም ወልዳለች። አንቺ የተከልሽው በለስ ከአጥሩ በላይ ሆኗል።

አንቺ በሄድሽ በመጀመሪያው ክረምት ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ጎርፍ ከደጋው ሲወርድ ከቤት አልወጣሁም። እኔ፣ ጎርፍ ጠልፌ ማሳ በማጠጣት አገር የሚያውቀኝ። ልጃችን ፋጡማ ይህን ስታይ እጄን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ወጣቷ ሐኪም፣ ሐዘኑ ድባቴ ሆኖብዎታል ብላ በየጠዋቱ የምውጠው ኪኒን ሰጠችኝ። እንቅልፌን፣ ምግቤን፣ ኪኒኔን በደብተር እንድመዘግብም አዘዘችኝ። መጀመሪያ የምትጽፈው ፋጡማ ነበረች፤ ፊደል ስቆጥር ደብተሩን ቀማኋት።

ቀስ እያልኩ በላሁ፣ ተኛሁ፣ ሰው ማሳቅ ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝና ደነገጥኩ፤ ስላንቺ ካለቀስኩ ቆይቻለሁ። ኪኒኑ አንቺን ከሆዴ የሚያወጣሽ መሰለኝ። ለማንም ሳልነግር ተውኩት። ቦይ ቀስ ተብሎ እንደሚከፈት ለሰው የማስተምረው እኔ፣ የራሴን በአንድ ጊዜ ዘረገፍኩት። ስምንት ቀን። ራሴን አዞረኝ፣ በሆነው ባልሆነው ተቆጣሁ፤ እንባው ግን አልመጣም። በዘጠነኛው ቀን የዘንድሮው ጎርፍ ሲወርድ ጫማዬን እንዳደረግሁ አልጋ ላይ ቁጭ አልኩ። ጎረቤታችን አሊ በደጅ ሲያልፍ፣ ሰይድ ዛሬ ጎርፉን በደብዳቤ ሊጠራው ነው አለ። ጫማዬን አውልቄ ተመልሼ ተኛሁ። እኔ ጎርፍ እየወረደ ስተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። መጠኑን መቀነስ ይቻላል፣ ግን አብረን መክረን፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው አለችኝ። አንዳንዱ ሰው ላይ መድኃኒቱ ስሜት ሊያደበዝዝ እንደሚችልም አልደበቀችኝም። ከዚያ ደብተሬን ስታገላብጥ በየቀኑ ጥግ ላይ የተጻፈች ዘ የምትል ፊደል አየችና ምንድን ናት አለችኝ። አፈርኩ። እኔ የጨመርኳት ናት፤ አንቺ ትዝ ያልሽኝ ቀን የምጽፋት። በለሱን ሳይ፣ ከሶላት በኋላ፣ ቀልዴን አበላሽቼ አንቺ ብትኖሪ ታርሚው ነበር ስል። ገጽ በገጽ ገለጠች። ደብተሩን ከፋጡማ ከቀማሁ ወዲህ ዘ የሌለበት ቀን አጣች።

ታዲያ መቼ ረሷት፣ ጋሼ ሰይድ? አለችኝ።

እዚያው ወንበሯ ላይ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም፤ ውጭ ወረፋ የያዘ ሰው ነበር።

ከዚያ ተማከርን። ማሽላው እስኪታጨድ በነበረው መጠን እቀጥላለሁ። ያን ጊዜ ደህና ከሆንኩ ጥቂት እንቀንሳለን፤ ካልተስማማኝ እንመልሰዋለን። ጊዜውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ጥሩ መረጡ አለችኝ፤ ይህን ለአሊ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ትናንት ጎርፉ መጣ። ወጣሁ። ማሳችን ጠጥቶ አደረ።

ዘሀራዬ፣ ኪኒኑ ሊቀንስ ይችላል፣ ላይቀንስም ይችላል፤ እሱን ከሐኪሟ ጋር እናየዋለን። ዘ ግን አትቀንስም። የዛሬዋን ጽፌያለሁ።

በጣቴ ሳይሆን በእስክሪብቶ የፈረምኩ፣
ያንቺው ሰይድ