ወርቄ ሥራ ያገኘች ሳምንት

እሑድ

ወርቄ ተቀጠረች። እማዬ ናት ሹክ፣ ገበያው ውስጥ፣ ቲማቲም ስትመርጥ ሰምታ የመጣችው። አደባባዩ አጠገብ ያለው ባንክ፣ የኢንቨስትመንት ክፍል። እኔም ያመለከትሁበት ቦታ ነው። ራአዮን፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ገብቼ ሁለት ሰዎች ጠይቀውኝ፣ «እንደውልልሻለን» ብለውኝ፣ ሦስት ሳምንት ከስልኩ ሳልርቅ ከርሜያለሁ።

ሁለተኛ ዲግሪያችንን አብረን ነው የሠራነው። ስታቲስቲክስ ያስረዳኋት እኔ ነኝ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ እነሱ ሳሎን ቁጭ ብለን። ውጤቴም ከሷ ይበልጣል። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል። ግን ይበልጣል።

እማዬ ደውዬ እንኳን ደስ ያለሽ እንድላት ነገረችኝ። እሺ አልሁ። አልደወልሁም።

ሰኞ

ኮሮት ሐይሜን፣ የትምህርትና የሥራ ታሪኬን፣ በፋክስ ከላክሁባቸው ቦታዎች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያው መልስ አልላከም። የቴል አቪቩ ኩባንያ «ለዚህ ሥራ ትምህርትሽ በዛ» ብሎ ጻፈ። መሀል ከተማ ያለው የሒሳብ ቢሮ ብቻ ነይ አለኝ፣ ዛሬ ሄድሁ።

ጸሐፊዋ ገና ሳልቀመጥ ባልዲውና መወልወያው ያለበትን በር አሳየችኝ። ለራአዮን ነው የመጣሁት አልኋት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ፣ ውኃ አመጣችልኝ፣ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አለቃዋ ሰባት ደቂቃ አነጋግሮ ሸኘኝ።

አባዬ እንዴት ነበር ሲለኝ፣ ጥሩ ነበር አልሁት። ወርቄም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት ይሆናል። ዛሬ ግን ላዝንላት አልቻልሁም።

ማክሰኞ

ወርቄ ደወለች። በእጄ የለሁም የሚል ምልክት ሰጠሁ፣ እማዬም ወጥታለች አለችልኝ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ፤ ውሸት አስዋሽሽኝ ብላ።

ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ መስኮት አየኋት። ሰማያዊ ኮት፣ አዲስ ጫማ። አረማመዷ ሳይቀር የተለወጠ መሰለኝ። እስክትሰወር ድረስ አንገቴን አዙሬ አየሁ።

ረቡዕ

ዛሬ ራሷ ቤታችን መጣች፣ ኬክ ይዛ። አባዬ ተነሥቶ ግንባሯን ሳመ፣ መረቃት። ሲመርቃት እኔን እንዳያየኝ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ። ተከትላኝ መጣች።

በክፍሏ አንድ ሰው እየለቀቀ ነው አለችኝ። ስሜን ለኃላፊዋ ነግራታለች። ወረቀቴ ነገ እስከ ቀትር መግባት አለበት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የታየኝ በእሷ እጅ መግባቴ ነው፤ ሰው ሁሉ ወርቄ አስቀጠረቻት ሊል። «አመሰግናለሁ፣ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ» አልኋት።

«የት?»

«ቴል አቪቭ።»

አባዬ ከሳሎን ሰምቷል። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ፈጣሪን ማመስገን ጀመረ። እሱና እማዬ ከእኔ በኋላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ እንዲህ ሲደሰት አላየሁትም። ምን አድርጌ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት እማዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራ ነበር። ደረጃው ላይ አንዲት እናት አገላብጠው ሳሙኝ። እሺ፣ አሜን፣ እሺ አልሁ። ወረቀቴን ይዤ ወደ ባንኩ በእግሬ ሄድሁ፣ ቀትር ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረስሁ። ወርቄን አስጠራኋት።

«ዋሽቼሻለሁ» አልኋት። «ሥራ አላገኘሁም። ቀንቼብሽ ነው።»

«ስደውልልሽ የጠፋሽውም ለዚህ ነው?»

አዎ አልኋት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከመጣች ጀምሮ አንድ የኢንቨስትመንት ፋይል እንዳልሰጧት ነገረችኝ። የኛ ሽማግሌ በገባ ቁጥር እንድታስተረጉም ወደ ታች ይጠሯታል፤ ምሳም ብቻዋን ነው የምትበላ። «አንቺን የፈለግሁሽ ላንቺ ብዬ ብቻ መሰለሽ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገባች። እንደ ወትሮው አልሳመችኝም።

ዓርብ

ለእማዬና ለአባዬ እውነቱን ተናገርሁ። እማዬ ጎረቤቶቹን ምን እንደምትል ጨነቃት። አባዬ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

ረፋዱ ላይ ከባንኩ ደወሉ። እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ ራአዮን አለኝ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍሁት። ወርቄ ግን አልደወለችም። እኔ ደወልሁላት፣ አነሣች፣ «መልካም ዕድል» አለችኝና ሥራ ላይ ነኝ ብላ ዘጋች። ድምፅዋ እንደ ድሮው አይደለም።

ቅናቱ ለቆኛል ብል እዋሻለሁ። አሁንም ያ ሰማያዊ ኮት ትዝ ይለኛል። ግን ምሳ ብቻዋን ስትበላም ይታየኛል።

ሰንበት ሊገባ ሲል አባዬ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ይኼኛውስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባዬ። ጥያቄ ብቻ ነው ግን፣ ሥራ አይደለም።»

«እንግዲያው ለሰው አንናገርም» አለኝ፣ እጄንም ያዘኝ።