ወደ ግራ የሚያዩ ሰዎች

ውድ እታለም፣

በታላቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ጉዳይ አለ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በፎቶ ቤታችን ለአሥራ አንድ ዓመት ያገለገለችው ባለሦስት እግር በርጩማሽ ባለፈው ሰኞ ከሥራ ተሰናብታ፣ ከነመንገዳገዷ ተጥላለች።

አሁን ወደ ተራው ጉዳይ ልለፍ። የኤግዚቢሽን አዘጋጆች ፎቶዎቼን ሊሰቅሉልኝ ተስማሙ። ግን እስከ ዓርብ የምመልሰው ቅጽ ላይ «የራስዎን ስልት በሁለት መስመር ይግለጹ» የሚል ቦታ አለ። «ብርሃንና ጥላ» ብዬ ጀመርኩና ራሴን ታዘብኩት። ዳቦ ጋጋሪ «የእኔ ስልት ዱቄት ነው» እንደማለት እኮ ነው!

ስለዚህ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋምኩ፤ ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም ተጠርጣሪውም እኔ። መቶ ፎቶ ወለሉ ላይ ዘርግቼ፣ ማጉያ መስታወት ይዤ በጉልበቴ ዳኸሁ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? በደህናዎቹ ሁሉ ሰዎቹ ሌንሱን አያዩም። በስተግራ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለ ነገር ያያሉ፤ ለመሳቅም አንድ ትንፋሽ ነው የቀራቸው።

ግን ለምን ግራ? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ገብተው የራሳቸውን ፎቶ ብድግ ሲያደርጉ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን እያዩ ነው?»

«ምን አያለሁ፣ እህትህን ነዋ! ‹ለሰው ሱፍ ሲሰፉ የራስዎ ቁልፍ ወልቆ ቀረ› ብላ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ነው ያነሳኸኝ። አንተማ የካሜራህ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ተደብቀህ፣ የት ታውቃለህ!»

ከሄድሽ ወዲህ ያነሳኋቸውንም አየሁ። ሁሉም ሌንሱ ላይ አፍጥጠዋል፤ ለአቤቱታ የተሰለፉ ይመስላሉ።

«ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ፣ አንቺ ሥራሽ ማውራት ብቻ» ያልኩሽ ቀን ቦርሳሽን አንስተሽ «እንግዲህ ዝም ሲባል እናየዋለን» ብለሽ ወጣሽ። ይኸው፣ አየነው።

ቅጹ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «እህቴ በስተግራ ተቀምጣ ታወራለች። ሰው ሊስቅ ሲል እኔ ቀጭ አደርጋለሁ።» ሁለት መስመር ሞላ። የባለሙያ ስም በሚለው ቦታ ሁለታችንንም አስገብቻለሁ፤ የጎደለው ፊርማሽ ነው። አስመስዬ እንዳልፈርም፣ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ ሞክሬው የደረሰብኝን አንቺው ታውቂያለሽ። ይቅር በይኝና እስከ ዓርብ ነይ።

ጨርቅ ውስጥ የተደበቀው ወንድምሽ

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ በርጩማዋ ተጥላለች የተባለው የተሳሳተ መሆኑን እንገልጻለን። ማክሰኞ ጠዋት ከቆሻሻው ተመልሳ፣ እግሯ ተጠግኖ፣ ከካሜራው በስተግራ በቀድሞ ቦታዋ ትገኛለች። እስካሁን ማንም አልተቀመጠባትም።