ወደ ግራ ስትዞር የምታጉረመርም መኪና

ጥር 4፣ ቡሬ፣ ጠዋት

ዛሬም ባጃጅ ላሳልፍ ስቆም ጠፋች። ነዳጅ ስረግጥ አለች፤ እግሬን ሳነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትሞታለች። መካኒኮቹ ሚኒሞ የሚሉት ነገር የላትም፤ ቆማ መኖር አቅቷታል። ሌላ አመልም ጨምራለች። መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዝ ከፊት ቀኝ ጎማ ዘንድ ቀ-ቀ-ቀ-ቀ። ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ዝም።

ከገና በፊት እንዲህ አልነበረችም። ለገና አማቶቼ ዘንድ፣ ሽንዲ ገጠር ሄደን፣ ደሴ የሚባለው የሚስቴ ወንድም ለለቅሶ ታስፈልገኛለች ብሎ ሁለት ቀን አስቀራት። ከተመለሰች ወዲህ ነው።

ማስታወሻዬ፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን በእግሬ ት/ቤት ሄጄ ለተማሪዎቼ ስለ ትዕግሥት አስተምር ነበር። አሁን ግን የሚስቴ የብርቄ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያውን የወለደችው በቀዶ ሕክምና ነው። አዋላጇ ቁርጡን ነግራናለች፦ ምጡ እንደጀመረ ፍ/ሰላም ሆስፒታል። አምቡላንስ ቀጠሮ አያከብርም። ስለዚህ ይቺ መኪና ትሠራለች። አለቀ።

ጥር 6፣ ከሰዓት

ሰይድ ጋራዥ። ሰይድ ከመንካቱ በፊት ይስቃል፦ “መምህር፣ ይቺን ወደ ሙዚየም ስትወስዳት መንገድ ጠፋህ?” ካንዴላ ለወጠ። የሚኒሞዋን ብሎን ጠምዝዞ ከፍ አደረገ። አሁን አትጠፋም፤ ቆማ እንደ ወፍጮ ታጓራለች። ሰው ጤፉን ተሸክሞ እንዳይመጣብኝ እፈራለሁ። ቀቀታውን ሰምቶ ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ አለ። መቼ ተሠርቶ ይመለሳል ስለው ወደ ሰማይ አየ። የምጡን ቀን የሚያውቀውም ያው ሰማይ ነው፤ ሁለቱንም እዚያ መተው አልፈለግሁም። ይዣት ወጣሁ።

ጥር 9

ራሴ ገባሁበት። ከቀድሞ ባለቤቷ የወረስኩት መመሪያ በጃፓንኛ ነው፤ ሥዕሉን አነበብኩ። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ከፈትኩ። እብቅ። የገብስ እብቅ፣ ከነጢሙ፣ ጢቅ ብሎ። ለመኪና ሳይሆን ለበቅሎ የተቀመጠ ይመስላል። በቀኝ ጎማው ስር ገባሁ። ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ ላይ ያለው የላስቲክ ሽፋን ተተርትሯል፤ ዙሪያውን ገለባ እንደ መቀነት ታጥቋል። ግሪስ የሚባል የለም።

ለቅሶ ቤት ገለባ ምን ይሠራል? አፏም እግሯም በአንዴ ገለባ የሚሞላው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አውድማ ላይ።

ብርቄን ጠየቅኋት። ጣሪያ ጣሪያ አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ምጥ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ጥር 11፣ ጥምቀት

አማቴ አያ ሙላት ለበዓሉ መጡ። ታቦት ካስገባን በኋላ ቤት ተቀመጥን። ሽማግሌ በቀጥታ አይጠየቅም፤ ዙሪያውን መሄድ ያስፈልጋል። እንደ መኪናዋ። እብቁን በመዳፌ ይዤ፣ ከሞተሯ ያገኘሁት ነው፣ እስቲ ይመልከቱልኝ አልኳቸው። አሹት። እፍ አሉበት።

“ጥሩ ገብስ ነው” አሉ።

ከዚያ እንደ ሌላ ሰው ወሬ አወሩልኝ። አንዱ በሬ አነከሰ፤ ሰማዩ ያለጊዜው ጠቆረ፤ ነዶው ተከምሯል። ደሴ መኪናዋን ነዶው ላይ ነዳ፣ እሳቸው በመንሽ አገላበጡ። ከበሬ ይልቅ ታዛዥ ናት አሉ፤ እበትም አትጥል። ወደ ግራ ብቻ ነው ያዞራችኋት? ብላቸው ተገረሙብኝ። አባታቸውም የሚያዞሩት ወደ ግራ ነበር። ታዲያ ለቅሶውስ? ለቅሶውማ ነበር፤ ደሴ በእግሩ ሄደ።

ከዚያ ጥግ ያለውን ጆንያ አሳዩኝ። ከመኪናዋ ጋር የተላከ፣ እኔው ተሸክሜ ያስገባሁት። “የማን የአራስ ገንፎ መሰለህ?”

ነገ ወፍጮ ቤት አደርሰዋለሁ።

ጥር 13

ማጣሪያውን አራገፍኩ። ካርቡራተሩን ፈትቼ የሚኒሞዋን ቀዳዳ ነፋሁ፤ አንዲት የእብቅ ቅንጣት ወጣች። ሞተሩን ስታጠፋብኝ የከረመችው እሷ ናት። የሰይድን ብሎን ወደ ቦታው መለስኩ። አስነሳሁ። አልጠፋችም፣ አላጓራችም። አያ ሙላት ጆሯቸውን ጣል አድርገው፣ ታመነዥካለች አሉ።

ሰይድ ሰምቶ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር አለ። መጋጠሚያው ግን አዲስ ከባሕር ዳር እስኪመጣ አይድንም። አጥቦ ግሪስ አጨቀበት፣ በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ጠቀለለው። ቀጥ ላለ መንገድ ችግር የለም፤ ወደ ግራ አጥብቀህ ከታጠፍክ ግን መሀል መንገድ ትቀራለህ አለኝ።

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ግራው ብዙ ነው። ማምሻውን በእግሬ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። በወፍጮ ቤቱ ወደ ቀኝ፣ በገበያው ጀርባ ወደ ቀኝ፣ አሁንም ቀኝ። ይረዝማል። ግን ይወጣል።

ጥር 15፣ ማለዳ

ብርቄ ወገቧን ይዛ ተነሳች። ሳቅ አይደለም። ሞተሩ ተነስቷል፤ እግሬ ነዳጅ ላይ አይደለም፣ መኪናዋ ግን ቆማ ትጠብቃለች። ይህን የምጽፈው ብርቄ እስክትገባ፣ መሪው ላይ አስደግፌ ነው። አያ ሙላት ከኋላ ገብተዋል፣ የገብሱን ዱቄት አቅፈው። ሆስፒታል ገንፎ ማን ያውቅላታል ይላሉ። በግራ በኩል እኮ ያጥራል አሉኝ።

ያጥራል፣ አያ ሙላት። ግን ግራውን እናንተ ጨረሳችሁት።

ብርቄ ገባች። በሩ ተዘጋ። ወደ ቀኝ።