ለዲንሾ የመረጥኩት ሌንስ

ይድረስ ለዓለምጸሃይ ወንድም፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ዲንሾ በዚህ ወር ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል ሲሉ ሰምቼ አንተን አሰብኩ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናትህን ባለፈው እሑድ ጊዮርጊስ ደጅ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ትንሽ ያስቸግራቸዋል እንጂ ፊታቸው ደህና ነው። አይተው እንዳላዩ ያልፉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን አገጬን ያዝ አድርገው "ምነው ከሳሽ" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ያልጻፈችልኝ ሴት ዛሬ ምን አገኛት ማለትህ አይቀርም። በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ቁጥርህን አውጥቼ መልሼ ተውኩት። አንዳንድ ነገር መሀል ላይ ሳይቋረጥ መሰማት አለበት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓለምጸሃይ ሱቅ መጣች። አንተ የምታውቀው የጋሽ ጎይቶም ሱቅ አሁን የለም፤ ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ቸርችል ጎዳና ላይ አንድ ፎቅ ውስጥ ጠባብ ክፍል ይዘናል። ጋሽ ጎይቶም ካሜራ ይጠግናሉ፣ እኔ እሸጣለሁ። ጋሽ ጎይቶምን መቼም አትረሳቸውም፤ ለሽምግልና አባቴ ቤት ከላክሃቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

እህትህ የተጣጠፈ ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። "ወንድሜ ሌንስ ይፈልጋል" አለችኝ። "ፓርኩ ውስጥ ቀይ ቀበሮዎቹን የሚከታተልበት፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የሰፈሩን ልጆች የፈረስ እሽቅድድም የሚያነሳበት። አንድ ሌንስ ለሁለቱም። ፒያሳ ጠይቂልኝ ብሎኛል።" ፒያሳ ስትል ሱቁን ይሁን እኔን አልጠየቅኳትም። የእጅ ጽሑፍህን ግን ወረቀቱ ሳይዘረጋ አወቅኩት።

ጥያቄዎችህ ሰባት ነበሩ። ምን ያህል ያቀርባል፣ ጉም ውስጥ ይሠራል ወይ፣ ዝናብ ይችላል ወይ፣ እያልክ ትሄዳለህ። ክብደቱ ስንት ነው የሚለውን ግን አንዴ መጀመሪያ ላይ፣ አንዴ መጨረሻ ላይ ጽፈኸዋል። እኔ የማውቅህ ደግሞ ሃምሳ ኪሎ ጤፍ ተሸክመህ የአፍንጮ በርን ዳገት ስትወጣ ነው። ምን ሆኖ ነው ብዬ እህትህን ያዝኳት። ብዙ ካንገራገረች በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ከፈረስ ወድቀህ ግራ ትከሻህ መሰበሩን፣ ዛሬም ክንድህ ከደረትህ በላይ በወጉ እንደማይነሳ ነገረችኝ። ለእናትህ መደበቅህንም ጨምራ። አይዞህ፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ሌንሱን የመረጥኩት ከቀበሮው በፊት ትከሻህን አስቤ ነው።

ሦስት አወጣን። አንዱ የጋዜጣ ሰዎች ስታዲየም የሚይዙት ባለ አራት መቶ ሚሊሜትሩ ነው። አፉ ሰፊ ስለሆነ ብርሃን ይጠጣል፤ ደመናም ቢሆን ሯጭ አያመልጠውም። ግን ከሦስት ኪሎ በላይ ነው፣ ያለ መቆሚያ አይያዝም። ጋሽ ጎይቶም "ይሄ የክርስትና ልጅ ነው፤ ታቅፈሽው ትውያለሽ እንጂ አትሠሪበትም" አሉ። ሌላው እስከ ስድስት መቶ የሚወጣ ዙም ነው። ቀበሮዋን ከማዶ ኮረብታ አምጥቶ ፊትህ ያቆማታል። እሱም ቢሆን ሁለት ኪሎ ነው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይጨልማል፤ ለጉም አገር አይሆንም። የቀረው ከመቶ እስከ አራት መቶ የሚሄደው ነበር። ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። ያንተ ካሜራ ምስሉን የሚቀበልበት ሰሌዳ፣ ሴንሰሩ፣ ትንሽ ስለሆነ ምስሉን ዙሪያውን ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ አራት መቶው ባንተ ካሜራ ስድስት መቶ ያህል ያቀርብልሃል። ፈረሶቹ ሲጠጉህ ወደ መቶ ትመልሰዋለህ።

ሌንስ ግድግዳ እያዩ አይመረጥም ብለው ጋሽ ጎይቶም ሱቁን ዘጉ። ሦስቱንም ተሸክመን ቁልቁል እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚታይበት ዳገት ላይ ወጣን። አንድ ጥበቃ መጥቶ ምን እያነሳችሁ ነው ሲለን ጋሽ ጎይቶም "ቀበሮ ፍለጋ ነው" አሉት። ሰውየው ትልቁን ሌንስ አየት አድርጎ "የዚህ ሰፈር ቀበሮ ሱፍ ለባሽ ነው፤ በዚህ አታገኙትም" ብሎን ሄደ። ለፈረስ ምትክ ቁልቁል የሚከንፉ ብስክሌቶችን፣ ለቀበሮ ምትክ ሰማይ ላይ የሚዞሩ ጭልፊቶችን ተከተልኩ። በትልቁ ሁለት ደቂቃ ሳልቆይ ክንዴ ተንቀጠቀጠ። በሦስተኛው ግን ግራ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ክንዴን ከደረቴ በላይ ሳላነሳ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራሁበት። ይቻላል።

ወደዚህ ደብዳቤ ያመጣኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው።

በማግስቱ ዓለምጸሃይ መልሱን ልትሰማ መጣች። የሙከራ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ሳሳያት አንዱ ላይ ስትደርስ ደነገጠች። አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ መንገድ ታቋርጣለች፣ ሚኒባስ ጀርባዋ ላይ ሊወጣ ደርሷል። "ይቺ ሴትዮ ተረፈች?" አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። ሚኒባሱ ከሴትዮዋ ስልሳ ሜትር ይርቃል፤ በረጅም ሌንስ ከሩቅ ስታነሺ በሁለት ነገሮች መካከል ያለው ቦታ ይጣጠፋል፣ የተራራቀው ሁሉ የተነካካ ይመስላል ብዬ አስረዳኋት።

እህትህ ፎቶውን ደግማ አየችው። ከዚያ "የኔን በየትኛው ነበር ያነሳሽው?" አለችኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ስታዲየም በሮጠችበት ቀን አንተ ወደ ባሌ አገር ለሥራ ሄደህ ነበር፤ ያየኸው ጋዜጣውን ብቻ ነው። አምስት ሺህ ሜትሩን እየመራች መጥታ ሠላሳ ሜትር ሲቀራት ጉልበቷ ከዳት። ፊት ገጽ ላይ የወጣውን ታስታውሰዋለህ። ጉንጯ የመሮጫው መም ላይ ተጣብቆ፣ አፏ ተከፍቶ፣ እጇ ወደሚያያት ሰው ተዘርግቶ። ከሥሩ የኔ ስም። ያየው ሁሉ ፎቶ አንሺዋ አጠገቧ ቆማ እጇን ብትሰጣት ምን ነበረበት አለ። አንተም አባቴ ሳሎን ውስጥ ሳትቀመጥ "እጇን ዘርግታ ለመነችሽ፤ አንቺ ካሜራሽን ተጫንሽ" አልከኝ። ቀለበቱን አውልቄ ሰጠሁህ። ወሩ ሳያልቅ ጓዝህን ጠቅልለህ ዲንሾ ገባህ። እኔም ከዚያ ወዲህ ስታዲየም አልረገጥኩም።

ለእህትህ የነገርኳትን ለአንተም ልንገርህ። የቆምኩት ከመጨረሻው መስመር ወዲያ፣ አጥሩ ሥር ነበር። ከእሷ ሰማንያ ሜትር እርቅ ነበር። እጇን የዘረጋችው ወደ መስመሩ ነው፤ እኔ በዚያው አቅጣጫ ስለነበርኩ ወደ እኔ መሰለ። ሰማንያውን ሜትር አራት እርምጃ ያስመሰለው ሌንሱ ነው። ብሮጥ እንኳ መስመሩ ዳር የቆሙት ነርሶች ይቀድሙኝ ነበር።

ያኔ ለምን አልተናገርሽም ትለኝ ይሆናል። መጀመሪያ ተቀይሜ ነው፤ ሳትጠይቀኝ ፈረድክብኝ። ኋላ ላይ ግን ዝም ያሰኘኝ ኀፍረት ነው። ርቀቱን ከነገርኩህ የቀረውንም መናገር ነበረብኝ።

አሥራ አራት ጊዜ ነው የተጫንኩት። አንተ የምታውቀው ዘጠነኛው ነው። አሥራ አራተኛው ላይ እህትህ ቆማለች። ከኋላዋ ስትከተላት የነበረችው ልጅ የራሷን ሩጫ ትታ፣ ብብቷ ሥር ገብታ ደግፋት፣ ሁለቱ ተያይዘው መስመሩን ሲያልፉ ይታያሉ። የጋዜጣው አዘጋጅ ደውሎ ቶሎ በይ፣ አንድ ብቻ ላኪልኝ አለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። የትኛው ፊት ገጽ ላይ እንደሚወጣ አውቅ ነበር። ዘጠነኛውን ላክኩ። አሥራ አራተኛውን እስከ ሰሞኑ ድረስ ለማንም አላሳየሁም።

ርቀቱ እግሬን ነጻ ያወጣው ይሆናል። ያንን ፎቶ የመረጠች እጄን ግን ነጻ አያወጣትም።

ይህን ስነግራት ዓለምጸሃይ አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። አሥራ አራተኛውን ከፍቼ አሳየኋት። ወደ ኮምፒውተሩ ተጠግታ የደገፈቻትን ልጅ በጣቷ እየነካች "ይቺ ማናት?" አለችኝ። ምኞት እንደምትባል፣ ሯጭ ደግፋለች ተብሎ ስሟ ከውጤቱ ዝርዝር ላይ አብሮ መሠረዙን ነገርኳት። እህትህ ያን ሰዓት ራሷን በወጉ ስለማታውቅ ምንም አታስታውስም፤ ሰውም የሚያወራላት ጋዜጣው ላይ የወጣውን ብቻ ነበር። "ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዬን የወደቅኩ ነበር የሚመስለኝ" አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩን የዘጋችበት ኃይል የጎረቤቱን ልብስ ሰፊ ሳይቀር አስወጣው። አልፈርድባትም።

በአራተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ምኞትን አፈላልጋ አግኝታታለች፤ አዳማ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች አሉ። ስልክ ላይ ሁለቱም ሲያለቅሱ ካርድ አልቆባቸው ነበር ብላ ሳቀች። ፎቶውን ትልቅ አድርጌ እንዳትምላት አዘዘችኝ፤ ጃንሜዳ ጠዋት ጠዋት ለምታሠለጥናቸው ልጃገረዶች ልታሳያቸው ነው። አተምኩላት። ይቅር ብለሽኛል ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷ ግን በሩ ላይ ዞር ብላ "ለወንድሜ አንቺው ንገሪው። እኔ የሰው ንስሐ ተሸክሜ ባሌ ድረስ አልሄድም" አለችኝ።

ይኸው ነገርኩህ። ይቅርታ የምለምንህ ስላነሳሁት አይደለም፤ ማንሳት ሥራዬ ነበር። ቆማ ሳለች ወድቃ እንድትታይ ስለመረጥኩ ነው። ለአንተም ስላልነገርኩህ። መልስ ስጠኝ አልልህም።

አሁን ወደ ሌንሱ ልመለስ። ክብደቱን በግራ መዳፍህ ከሥር ተቀበለው፣ ክርንህን ጎንህ ላይ አሳርፈው፤ ትከሻህ ሥራ አይኖረውም። ለፈረሶቹ የካሜራውን መዝጊያ የፍጥነት ቁጥር ከሺህ በታች አታውርደው፣ ፈረሱን ሳይሆን የጋላቢውን ዓይን ተከተል። ለቀበሮ ግን ማለዳ ውጣ፤ ፀሐይ ከጠነከረ በኋላ መሬቱ ይተነፍስና የሩቁ ምስል ይርገበገባል፣ ሌንሱ ተበላሸ ብለህ እንዳትጨነቅ። ከብርድ ወደ ሙቅ ቤት ስትገባ መስታወቱ ላብ እንዳያወጣ ከቦርሳው ሳታወጣ አቆየው። በሸሚዝህ ጫፍ አትጥረገው፤ አውቅሃለሁ።

ለፓርኩ ሹፌር ለየሲን ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ጋሽ ጎይቶም "መስታወት ከጆንያ ጋር አይጫንም" ብለው ከለከሉ። ስለዚህ የሲን ሰኞ ሲመለስ የሚያደርስልህ ይህን ደብዳቤ ብቻ ነው። ሌንሱን ሐሙስ ወደ ሮቤ በሚሄደው የጠዋት አውቶቡስ አንዲት ሴት ይዛልህ ትመጣለች። ከሰዓት በኋላ ፓርኩ በር ላይ ትወርዳለች። ካሜራህ ላይ ገጥማ፣ አያያዙን አሳይታህ ትሄዳለች። ሥራ ከበዛብህ ወይም እንግዳ ማየት ካልፈለግክ ለበረኛው ንገረው፤ ዕቃውን ለእሱ ትሰጥና በማግስቱ ትመለሳለች፣ ቅር አይላትም። ብቻ አገሩን አታውቀውም፣ ብርድም አትችልም። የምትመጣ ከሆነ በሩ ላይ ብዙ አታቁማት።

ወጥተህ በምትገባበት ሁሉ እመቤቴ ትከተልህ። ያጣኸውን ጤና ትመልስልህ፣ ቀበሮዎችህንም ታብዛልህ።

የቀድሞ እጮኛህ