ለሊትልተን የሚሰጥ ተከላካይ

ጥር 3፣ እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋደም ብያለሁ። ትናንት ዘጠኝ ለአንድ ተሸነፍን። አንዷንም ያገቡልን ራሳቸው ናቸው።

ልጆቻችንን የበረዶ ሆኪ ልምምድ እያመላለስን አራት ዓመት ብርድ ላይ ከተቀመጥን በኋላ፣ እኛ አባቶችም የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አድርገን የኦሮራን ቡድን ስናቋቁም ሰው ሁሉ ሳቀብን። አሁንማ መሳቁም ደክሞታል። አስተባባሪውም ተከላካዩም እኔ... ቡድኑ እንደ አዲስ መገንባት አለበት። ወጣት ያስፈልጋል።

ጥር 6፣ ረቡዕ
ዴንቨር፣ የምሠራበት ሆቴል ፈረቃ ላይ እያለሁ የሊትልተን ቡድን አስተባባሪ ዮናታን ደወለ። የሱ ልጆች ሁሉም ወደፊት ነው የሚሮጡት፤ ከኋላ የሚቀር የለም። «አንድ ረጋ ያለ አንጋፋ ተከላካይ ስጠኝና ሊዑልን ውሰድ» አለ። ሊዑል! ሃያ አራት ዓመቱ! ደንቡ እስከ ጥር መጨረሻ መለዋወጥ ይፈቅዳል።

ማንን ልስጥ? ዘውዱ አርባ ዘጠኝ ሞላው፣ ጉልበቱም ኦፕራሲዮን ሆኗል። ግን የሁላችንም ሻንጣ የሚጫነው በሱ ቫን ነው። አይሰጥም። ተክለሚካኤል ሃምሳ ሦስት... ወደ ኋላ መንሸራተት አይችልም፤ ተከላካይ ሆኖ! ግን ሚዜዬ ነው። ሚዜ ይለወጣል እንዴ?

ጥር 9፣ ቅዳሜ
ስድስት ለዜሮ።

ልጄ ልዕልት የተከላካዮቹን ስም የጻፍኩበትን ወረቀት አየችው። «ዳድ፣ ዌር ኢዝ ዩር ኔም?»
«እኔ አስተባባሪ ነኝ።»
«ባት ዩ አር ዘ ስሎወስት!»
ከሁሉም ቀርፋፋው እኔ! ልጅ አሳድግ...

ጥር 13፣ ረቡዕ
ቆርጫለሁ። ተክለሚካኤል ነው።

ዛሬ ፓርኪንግ ላይ አገኘሁት። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «ሰውነትህ እንዴት ነው?» አልኩት። «ደህና ነኝ። ያንተስ ሰውነት እንዴት ነው?» አለኝ። ዓይኑ ግን መሬት መሬት ያያል። ሰምቷል ማለት ነው... አንጀቴን በላው። በቃ፣ በቴክስት እነግረዋለሁ።

ጥር 17፣ እሑድ
ይህን እንዴት ልጻፈው?

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ጳውሎስና ጋሽ ወልደሚካኤል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብል እምቢ አሉ። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም። የላከን ተክለሚካኤል ነው» አሉ ጋሽ ጳውሎስ።

ወዲያው ገባኝ። «አትስጠኝ» ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ! አፈርኩ። ጋሽ ወልደሚካኤል ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ምርኩዛቸው ይንቀጠቀጣል። እኚህን ሰውዬ አቁሜ ልከራከር ነው?

«አባቶቼ፣ አይድከሙ፣ ሳይነገረኝ ገብቶኛል። እሺ ብያለሁ፣ እንደ ፈቃዳችሁ ይሁን!»

ተቀመጡ። መረቁኝ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ... አሜን፣ አሜን። ከዚያ ጋሽ ጳውሎስ «ጨዋ ነህ። ሊትልተን ለመሄድ እንዲህ በቀላሉ እሺ ትላለህ ብለን አልጠበቅንም» አሉ።

ማን? እኔ?

«ቡድኑ መክሮ ዘንድሮ አንተን ቢሰጥ ይሻላል ብሏል፤ ዮናታንም ተስማምቷል። ተክለሚካኤል ዓይንህን አይቶ መናገር አቃተው።»

መዓዛ ጓዳ ሆና ሳቋን ስታፍን ይሰማኛል። ሚስት ተብላ! ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀብዬ ቃሌን ልጠፍ? አይሆንም። ሸኘኋቸው።

ጥር 18፣ ሰኞ
ተክለሚካኤል አራት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። እኔን! ራሴ ካቋቋምኩት ቡድን!

ጥር 20፣ ረቡዕ
ማንም አያነበውም፣ እውነቱን ልጻፍ። ያናደደኝ መሰጠቴ ብቻ አይደለም። እሱ ሽማግሌ ልኳል። ክብር ነው። እኔ ለሃያ ዓመት ጓደኛዬ ያዘጋጀሁት ሁለት መስመር ቴክስት ነበር... አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። አጠፋሁት። ግን እንዴት ብዬ ልደውልለት?

ጥር 30፣ ቅዳሜ
ሊትልተን። የመጀመሪያ ልምምድ። ልጆቹ «ጋሼ» ይሉኛል። ጋሼ! ከኋላ ብቻዬን ቆሜ ዋልኩ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ
ዛሬ ከኦሮራ ጋር ገጠምን። ሦስት ለሦስት ሆነን ሊያልቅ ሲል ተክለሚካኤል ጥቁሯን ጎማ እየገፋ መጣ። ወደ ኋላ ነው እንጂ የማይችለው፣ ወደፊትስ ይችላል። ከበረኛው ፊት የቀረሁት እኔ ብቻ። እሱ መቆም አይችልም፣ እኔ መሸሽ አልችልም... ተያይዘን ወደቅን። ጎማዋ ወደ ጎን ሾልካ፣ በኔ የተለወጠው ሊዑል አገባት።

ተክለሚካኤል ከላዬ ላይ ሳይነሳ፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልክ አታነሳም?»
«ተነስ፣ ከብደኸኛል!»
«ይቅር በለኝ መጀመሪያ።»
«አንተ ይቅር በለኝ። እኔ አንተን ልሰጥህ ነበር።»
«አውቃለሁ፣ ዮናታን ነግሮኛል። ለዚህ ነው አንተን ለመስጠት ቀድሜ የተጣደፍኩት» አለ። የማትረባ! «ነገ ቅበላ ነው፤ መዓዛንና ልዕልትን ይዘህ ቤት ና።»

ዳኛው ጎትቶ አነሳን።

ኦሮራ አራት ለሦስት አሸነፈ። የመጀመሪያ ድሉ። እኔ ተሸናፊዎቹ ጋ መልበሻ ክፍል ገብቼ፣ ፎጣ ፊቴ ላይ ጥዬ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅኩ። የሊትልተን ልጆች ያለቀስኩ መስሏቸው ተራ በተራ እየመጡ «አይዞህ ጋሼ» አሉኝ።