በበርጫ ሰዓት የሚተላለፍ ፕሮግራም

ውድ ጓደኛዬ ሱሪዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን ባሕር ተይው፤ የማወራሽ እዚህ ባልባላ በሚባለው ሰፈር ስላየሁት የሬዲዮ ስቱዲዮ ነው። የአክስቴ ልጅ ሀያና ጓደኞቿ ለእኩዮቻቸው የጤና ፕሮግራም ያቀርባሉ። ሰዓቱን ሆን ብለው ከቀትር በኋላ አድርገውታል፤ አባቶች ሬዲዮ ከፍተው ጫት ለመቃም በርጫ ላይ የሚቀመጡት ያኔ ስለሆነ እነሱም ይሰማሉ።

ትናንት ሀያ ስለ ወር አበባ ስታወራ አንድ አባት በስልክ ገቡና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ በሰው ፊት ይወራል?» ብለው ተቆጡ። እሷ ድምጿን እንኳ ሳትቀይር «አባባ፣ ሴት ልጅ አለችዎት?» አለቻቸው። እሳቸውም ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አለችኝ። እናቷ አብራን የለችም። ሱቅ ሄጄ ምን ስጡኝ ልበል?» አሉ። ሀያም ስለ ዳቦ እንደምታወራ ሁሉ አስረዳቻቸው።

እኛን ድሬ ስንማር መምህራችን ይህን አፍሮ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ነው ያስተማረን፣ ትዝ ይልሻል? ስለዚህ ዳይሬክተሩ ከትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ሰርዢ ያሉሽን የወር አበባ ዝግጅት እንዳትሰርዢው። እንዲያውም ለወላጆች ቀን አቆዪው፤ የግቢው ድምጽ ማጉያ ለሁሉም ይበቃል።

ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። አባትሽንም ሰላም በያቸው፤ በወላጆች ቀን እንዳይቀሩ።

ነጅማ