በመሪው በኩል ያለው ባሌስትራ

ወንድሜ፣

የአባባን ጂፕ አታስነሳት። ቁልፏ መሳቢያው ውስጥ፣ ከአባባ መነጽር ሥር ነው።

ከሥሯ ሆነው ክብደቷን እንዲሸከሙ ያመጣሃቸውን ሁለት ባሌስትራዎች መሬት ላይ ጎን ለጎን ባስቀምጣቸው አንደኛው በሁለት ጣት ከፍ ይላል። «ይሄ ልጅ ሳያይ ነው የገዛው» ብዬ ተናደድኩና ብረት ቀጥቃጩ ጋ ወሰድኳቸው፤ በእሳት አግሎ እኩል አደረጋቸው።

ዛሬ ከገጠምናቸው በኋላ መካኒኩ ጉዱን ነገረኝ። ለካ ሲሠሩም እኩል አይደሉም! ከፍ ያለው በመሪው በኩል የሚገባ ነው፤ የሾፌሩም የነዳጁም ክብደት እዚያ ነዋ። ያመጣሃቸው ቀን ይህንኑ ልትነግረኝ ስትጀምር «ከመቼ ወዲህ ነው አንተ መካኒክ የሆንከው?» ብዬ አፍህን አስዘጋሁህ።

አሁን በመሪው በኩል ዘማለች። ብረቱ አንዴ በእሳት ከለሰለሰ ጥንካሬው አይመለስም አሉኝ። ሻጩንም ጠየቅሁት፤ የመጨረሻዎቹ ነበሩ።

ቅዳሜ አባባን ከሐኪም ቤት በታክሲ አምጣው። እኔ አልኖርም።

መሪዋ ጋ ልቀመጥ ካለ አትከልክለው። ዓይኑ ባያይም ገና ሲቀመጥ መዝመሟን ያውቃል። ባሌስትራዎቹን የመረጥከው አንተ እንደሆንክ ንገረው።

ማን እንዳበላሻቸው አይጠይቅህም። ያውቀኛል።